ቀድሞ የነበረ ሕመምና የአካል ጉዳት ካሣ፦ ሕጋችን የሚጠይቀው ጥያቄ



በመኪና የተገጨ፣ በሥራ ላይ ሳለ የወደቀ ወይም በጠብ የተመታ ሰው ካሣ ሲጠይቅ፣ ከተከሳሽ ወገን ፈጥነው ከሚሰነዘሩ መልሶች አንዱ «ድሮም በሽተኛ ነበር» የሚለው ነው። መልሱ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም። በሚገባ ያልተመረመረ እንደሆነ፣ የሚገባውን ካሣ ተጎጂው ያጣበታል፤ በአንጻሩ ደግሞ ተጎጂው የቀድሞ ሕመሙን ሸሽጎ የቀረበ እንደሆነ፣ ተከሳሽ ያላደረሰውን ጉዳት እንዲከፍል ይገደዳል። ሁለቱም ፍትሕን ያጓድላሉ።

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብጠየቅ የምመርጠው ይህንን ነው፦ ሕጋችን የሚጠይቀው «ይህ ሰው ከአደጋው በፊት ታሞ ነበርን?» ብሎ ሳይሆን «ይህ አደጋ በዚህ ሰው ላይ ምን ጨመረ?» ብሎ ነው። የቀድሞ ሕመም የካሣን በር አይዘጋም፤ የሌላውን ዕዳ በተከሳሽ ላይ ለመጫንም አያገለግልም። የሚያገለግለው ለመለኪያነት ነው።

የሕጉ መሠረት

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ከአንቀጽ 2027 ይጀምራል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልጉን ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ ያዛል። አንቀጽ 2067 አልፎ በመሄድ፣ በሌላው ሰው ላይ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በመርሕ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 2081 የመኪናን ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የካሣውን ልክ የሚያስቀምጠው ግን አንቀጽ 2091 ነው፤ ካሣው ኃላፊነትን ያስከተለው ድርጊት በተጎጂው ላይ ካደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። «እኩል» የምትለው ቃል የዛሬውን ጉዳያችንን ሁለት ጠርዝ ትይዛለች፦ ከጉዳቱ በታች መክፈልም፣ ከጉዳቱ በላይ ማስከፈልም አይፈቀድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለሞራል ጉዳት የሚሰጠው ካሣ በአንቀጽ 2116 መሠረት ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ጣሪያ ሕጉ ሲወጣ የነበረው ትርጉም ዛሬ የለውም። ስለዚህ የተጎጂው ዕጣ የሚወሰነው ከሞላ ጎደል በቁሳዊው ጉዳት፣ ማለትም በሕክምና ወጪውና ባጣው ገቢ ስሌት ነው። «ድሮም በሽተኛ ነበር» የሚለው ክርክር የሚያርፈውም በዚሁ ስሌት ላይ ነው።

በአንድ መልስ ውስጥ ያሉ ሦስት ክርክሮች

«ድሮም በሽተኛ ነበር» የሚለው አነጋገር አንድ ክርክር ይምሰል እንጂ በውስጡ ሦስት የተለያዩ ክርክሮችን ይዟል። አንደኛው «ጉዳቱን ያደረሰው ሕመሙ እንጂ አደጋው አይደለም» የሚል ነው። ሁለተኛው «አደጋው ያደረሰው ከፊሉን ብቻ ነው» የሚል ነው። ሦስተኛው «አደጋው አድርሶታል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ይህን ያህል ይከፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም» የሚል ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሕግና የራሱ ማስረጃ አለው። ሦስቱ ተደባልቀው ሲቀርቡ ችሎቱም ተከራካሪዎቹም ይደናገራሉ።

ለማብራሪያ ያህል ከአካባቢያችን ኑሮ ሁለት ምሳሌዎችን እወስዳለሁ። ሰዎቹ የምናብ ሰዎች ናቸው፤ ሁኔታቸው ግን ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ከዳባት ወይም ከደባርቅ ወጥቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ የወረደ ወጣት ነው። የደጋው ሰው ወደ ቆላ ሲወርድ ከሚያገኙት በሽታዎች ሁለቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ወባና ካላአዛር። ካላአዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ሰውነትን የሚያከሳና ጣፊያን እጅግ የሚያሳብጥ፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ ነው። ወባም ደጋግሞ ሲይዝ ጣፊያን ያሳብጣል። ያበጠ ጣፊያ ጤነኛውን ሰው በማይጎዳ ምት ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ወጣት ሥራውን ጨርሶ ሲመለስ አዘዞ ላይ አንዲት ባጃጅ በዝግታ ስትዞር ገፋችው እንበል። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱን አራግፎ ይሄድ ነበር። የእርሱ ጣፊያ ግን ፈነዳ፤ በቀዶ ሕክምና ወጣ።

ሁለተኛዋ አንድ ዓይኗን ከብዙ ዓመታት በፊት በትራኮማ ያጣች እናት ናት። በሌላው ዓይኗ እየፈተለች፣ እየጋገረች፣ ገበያ እየወጣች ትኖር ነበር። ከግንባታ ቦታ የተፈናጠረ ድንጋይ ደኅናውን ዓይኗን አጠፋው።

አንደኛው ክርክር፦ ያደረሰው ማን ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የምክንያትና የውጤትን ግንኙነት መለኪያ በዝርዝር አላስቀመጠም። ለማገናዘቢያ ያህል በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 24 መመልከት ይጠቅማል። ይህ አንቀጽ ከድርጊቱ በፊት የነበሩ፣ አብረው የተከሰቱ ወይም ኋላ የገቡ ሌሎች ምክንያቶች ሲኖሩ ምን እንደሚደረግ ይናገራል። የድርጊቱና የውጤቱ ግንኙነት የሚቋረጠው ሌላው ምክንያት ራሱን ችሎ ውጤቱን ለማድረስ በቂ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ይህን ሚዛን ወደ ወጣቱ እናምጣው። ጣፊያው ያበጠ ነበር፤ ነገር ግን ያበጠው ጣፊያ በዚያች ዕለት፣ በዚያች ሰዓት ራሱን ችሎ ፈነዳን? ሐኪሙ «ያለ ምት አይፈነዳም ነበር» ካለ፣ ሕመሙ ጉዳቱ የገባበት በር እንጂ በሩን የገፋው እጅ አይደለም፤ የምክንያቱ ሰንሰለት አልተበጠሰም። በአንጻሩ ወጣቱ ባጃጇ ከመንካቷ በፊት በሕመሙ ተዝለፍልፎ ወድቆ፣ ጣፊያው የፈነዳው በአወዳደቁ መሆኑ ከተረጋገጠ ነገሩ ሌላ ነው፤ ባጃጇ በአጠገቡ ማለፏ ብቻ ኃላፊነትን አያመጣም።

ይህ ጥያቄ በዓለም ሕግ ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም፤ የጣፊያው ጉዳይ ራሱ የቆየ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ወባ በበዛባቸው ቦታዎች፣ ሠራተኞቻቸውን መትተው የገደሉ ቅኝ ገዢዎች ሲከሰሱ «ጣፊያው ቀድሞም ያበጠ ነበር» የሚል መከላከያ ደጋግመው ያቀርቡ ነበር። በ1860 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንድ የወንጀል ሕግ ግን፣ በበሽታ ወይም በአካል ድካም ላይ ያለን ሰው ጎድቶ ሞቱን ያፋጠነ እንዳደረሰው እንደሚቆጠር በግልጽ አስፍሯል። በእንግሊዝ አገርም በሎርድ ፓርከር የተሰጠ የታወቀ ፍርድ አለ። በሥራ ላይ ሳለ የቀለጠ ብረት ከንፈሩን ያቃጠለው ሠራተኛ ነበር፤ ሰውነቱ አስቀድሞ ለካንሰር የተጋለጠ ስለነበረ ቃጠሎው ወደ ካንሰር ተለውጦ ገደለው። ፍርድ ቤቱ አሠሪው ተጎጂውን እንዳገኘው መቀበል አለበት ብሎ ኃላፊ አደረገው። የእነርሱ ፍርድ እኛን አያስገድድም፤ ጥያቄው የሰው ልጅ ሁሉ ጥያቄ እንደሆነ ግን ያሳያል።

ሁለተኛው ክርክር፦ ምን ያህሉን?

ኃላፊነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ስሌት ይመጣል። እዚህ ላይ ተከሳሽም እውነተኛ መብት አለው። አንቀጽ 2091 ድርጊቱ ያደረሰውን ብቻ እንዲከፍል ስለሚያዝ፣ ቀድሞ የነበረውን እንዲከፍል አይገደድም።

የወጣቱን ጉዳይ እንለያየው። ካላአዛሩን ለማከም የሚሄደው ጊዜ፣ በዚያ ጊዜ የሚያጣው የቀን ሥራ፣ ለምግብና ለመጓጓዣ የሚያወጣው ወጪ ሁሉ ባጃጇ ባትነካውም የሚመጡበት ነበሩ። እነዚህ የባጃጇ ባለቤት ዕዳ አይደሉም። የቀዶ ሕክምናው ወጪ፣ ከቁስሉ ለመዳን የፈጀበት ጊዜ፣ ጣፊያ የሌለው ሰው ዕድሜ ልኩን ለአንዳንድ ከባድ ኢንፌክሽኖች ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑ ግን አደጋው የጨመራቸው ናቸው። ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንዲካስ አንቀጽ 2092 ይፈቅዳል፤ ልኩን በትክክል ማስላት በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ዳኛው በርትዕ እንዲቆርጠው አንቀጽ 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል።

ገቢን በተመለከተ ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። አንድ የእንጨት ሠራተኛ እግሩ ቀድሞ የተጎዳ በመሆኑ፣ ጤነኛ ባልንጀራው በወር 6,000 ብር ሲያገኝ እርሱ 4,000 ብር ያገኝ ነበር እንበል። ከአደጋው በኋላ የሚያገኘው 1,000 ብር ብቻ ሆነ። ጉዳቱ 5,000 ብር አይደለም፤ 2,000ው ቀድሞም አልነበረውም። ደግሞም «ድሮም አንካሳ ነበር» ተብሎ የሚታለፍ ባዶ ነገር አይደለም። አደጋው የወሰደበት በየወሩ 3,000 ብር ነው፤ የስሌቱ መነሻ ይህ ነው።

ከዚህ ጋር ሕመምንና ጥፋትን መለየት ያስፈልጋል። አንቀጽ 2098 ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ሲሆን ካሣው በከፊል እንዲሆን ይደነግጋል። መታመም ግን ጥፋት አይደለም። ትራኮማ ስለያዛት እናት «በጉዳቱ የራሷ ድርሻ አለባት» ማለት ይህን አንቀጽ ያለ ቦታው መጥራት ነው። ጥፋት ሊባል የሚችለው ተጎጂው ከጉዳቱ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ሕክምና እንቢ ብሎ ጉዳቱን ሲያባብሰው ነው። በዚህም ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ከደባርቅ ማዶ ካለ ቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ በእግር የሚጓዝ፣ ቀጠሮውን ለማክበር የሰው ሸክም የሚያስፈልገው ገበሬ ሳይመለስ ቢቀር፣ ቸልተኛ ነው ከማለታችን በፊት መንገዱን ማሰብ አለብን።

አሁን ወደ ዓይኗ ወደ ጠፋው እናት እንመለስ። በመቶኛ ብቻ የሚያስብ ሰው «አደጋው ያጠፋው አንድ ዓይን ነው፤ የአንድ ዓይን ይከፈላት» ሊል ይችላል። ይህ ስሌት ለዓይን ልክ ቢሆንም ለሰው ግን ልክ አይደለም። ከአደጋው በፊት ታይ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ አታይም። አደጋው የወሰደባት ብርሃንን ሙሉ በሙሉ ነው። የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይኑን ቀድሞ ያጣ ሰው ሁለተኛውን በአደጋ ሲያጣ የሙሉ ዓይነ ስውርነትን ካሣ እንዲያገኝ ወስነዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ከዚያው የሕግ ባህል የመጡ እንደ መሆናቸው፣ አስተሳሰቡ ከአንቀጽ 2091 መንፈስ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ክርክር፦ «ማን ጠበቀው?»

ከሁሉ የሚያከራክረው ይህ ነው። አንቀጽ 2101 ይዘቱ በእኔ አነጋገር እንዲህ ነው፦ ሊታሰቡ በማይችሉ ሁኔታዎች ምክንያት ጉዳቱ በተለመደው አስተሳሰብ ከሚጠበቀው በላይ ከብዶ ሲገኝ፣ ዳኛው በርትዕ ካሣውን ሊቀንስ ይችላል። ኃላፊነቱ የመጣው ሆን ተብሎ ከተደረገ ጥፋት ከሆነ ግን ሊቀንስ አይችልም። በጠብ ጊዜ ሆን ብሎ የመታ ሰው «ጣፊያው ማበጡን አላወቅሁም» ብሎ በዚህ አንቀጽ ሊጠለል አይችልም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሕጋችን «ተጎጂውን እንዳገኘኸው ተቀበል» ከሚለው ከእንግሊዞቹ መርሕ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። የቀድሞ ሕመምን አስታክኮ ካሣ የሚቀነስበት በር ካለ፣ በሩ ይህ ነው። በሩ ግን ጠባብ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ሕጉ «ተከሳሽ ያላወቀው ሁኔታ» አላለም፤ «ሊታሰብ የማይችል ሁኔታ» ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የባጃጁ ሹፌር ያ ወጣት ካላአዛር እንዳለበት አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ነገር ግን ከመተማ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ በአጨዳ ማግሥት፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው መገኘቱ በእውነት ሊታሰብ የማይችል ነገር ነውን? በዚህችው በጎንደር ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውስጥ ለሌይሽማኒያሲስ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ለአንድ በሽታ ማዕከል የተሠራለት ከተማ ያንን በሽታ «ማን ጠበቀው?» ሊል የሚችል አይመስለኝም። በአማራ ክልል ትራኮማን፣ በመንገዳችን ላይ አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያንን፣ በየገበያው ነፍሰ ጡሮችን ሊታሰቡ የማይችሉ ማለትም እንዲሁ አይቻልም። የአካባቢው ሰው የሚኖርበት ጤንነት ራሱ የሚታሰበው ነገር አካል ነው።

የተቃራኒውን አስተያየት ክብደትም አልክድም። አንቀጹ «ሊቀንስ ይችላል» ይላል እንጂ «ይቀንሳል» አይልም፤ መነሻውም ርትዕ ነው። ርትዕ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ያያል። ኑሮው በአንዲት ባጃጅ ላይ የቆመ ሰው በትንሽ ግፊት ለደረሰ ታላቅ ጉዳት ቤቱ መፍረስ አለበትን? ዳኛው ይህን ሊመዝን ይችላል። ሲመዝን ግን ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ አብሮ ማየት አለበት። የሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን ግዴታ በሆነበት፣ በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ሥርዓት ውስጥ፣ መድን ሰጪው እስከ ተወሰነለት ጣሪያ ድረስ የሚከፍለውን ገንዘብ በባለንብረቱ ድኅነት ስም መቀነስ ለርትዕ የቀረበ አይመስልም። የተቀነሰው ነገር ጠፍቶ አይቀርም፤ ዞሮ የሚያርፈው በተጎጂው ቤት ላይ ነው። ስለዚህ አንቀጽ 2101ን የሚጠቅስ ፍርድ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ቢጽፍ መልካም ነው፦ ሊታሰብ ያልቻለው ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ ለምን ሊታሰብ እንዳልቻለ፣ የተቀነሰው መጠን ከምን እንደተነሣ።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ እንደሆነ

አሠሪና ሠራተኛን በተመለከተ የሚገዛን በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። አሠሪው በመርሕ ያለ ጥፋትም ኃላፊ ነው። በአንቀጽ 97 የተሰጠው የሥራ ላይ አደጋ ትርጉም ለዛሬው ጉዳያችን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ከሠራተኛው ውጭ በሆነ ምክንያት የደረሰን ድንገተኛ ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛው ሥራውን ለመፈጸም ባደረገው ጥረት የደረሰበትንም ይጨምራል። ወገቡ ቀድሞ የደከመ ጫኝና አውራጅ ኩንታል ሲያነሣ ወገቡ ቢቆረጥ፣ «የገፋው ሰው የለም» ተብሎ ጉዳዩ አይዘጋም። ጥረቱ ራሱ በሕጉ ውስጥ አለ።

በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ፣ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የሚያስከፍለው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ጉዳት በመቶኛው ልክ ይሰላል። በወር 4,000 ብር የሚያገኝ ሰው የዓመት ደመወዙ 48,000፣ አምስት እጥፉ 240,000 ብር ነው። የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ ከተባለ 72,000 ብር ይሆናል። አሁን አሠሪው «ከ30ው 10ሩ የድሮ ነው» ቢል ወደ 48,000 ብር ይወርዳል። ቅነሳው ከመደረጉ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ደመወዙ 4,000 ብር የሆነው በድሮው ጉድለት ምክንያት ከሆነ፣ ያ ጉድለት አንድ ጊዜ በደመወዙ በኩል ተቀንሷል። ከመቶኛው ደግሞ መቀነስ አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። የድሮው ጉድለት ደመወዙን ያልነካ እንደሆነ ግን የአሠሪው ክርክር መሠረት ይኖረዋል፤ ቦርዱም አዲሱን ከአሮጌው መለየት ይኖርበታል።

ማስረጃው ከየት ይመጣል?

የጉዳቱን ልክና ተከሳሽን ኃላፊ የሚያደርጉትን ሁኔታዎች የማስረዳት ሸክም በአንቀጽ 2141 በተጎጂው ላይ ተጥሏል። ስለዚህ ከአደጋው በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል። በከተማ የሆስፒታል ካርድ ሊኖር ይችላል። በሰሜን ጎንደር ተራራማ ቀበሌዎች ግን ሕመሙን በጠበልና በባህል መድኃኒት፣ ስብራቱን በወጌሻ ያከመ ገበሬ የጽሑፍ ታሪክ የለውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ዱካ ይኖረዋል፤ ይህን መፈለግ ይገባል።

ጽሑፍ በሌለበት ኑሮው ራሱ ይመሰክራል። ባለፈው ክረምት በሬ ጠምዶ ያረሰ፣ በመከር ደቦ ወጥቶ ያጨደ፣ ኩንታል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የወረደ፣ በዕድሩ ቀብር ላይ አፈር የዛቀ ሰው ወገቡ ምን ይችል እንደነበረ ጎረቤቶቹ ያውቃሉ። ምስክሮች «ጤነኛ ነበር» ብለው ብቻ ቢናገሩ ቃላቸው ደካማ ነው፤ ምስክር የሐኪም ቃል ሊናገር አይችልም። «ይህን ሥራ ሲሠራ አይቼዋለሁ» ቢሉ ግን የተግባር ማስረጃ ሰጡ ማለት ነው።

ለሐኪሞቻችን ደግሞ ልመና አለኝ። ለፍርድ ቤት የሚላክ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ «የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ» ብሎ ቢያበቃ፣ የሕጉ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። አራት ነገሮች ቢለዩ ዳኛው መንገድ ያገኛል፦ ከአደጋው በፊት ምን ነበረ፤ አደጋው ምን አዲስ ነገር አመጣ፤ የነበረውን ምን ያህል አባባሰው፤ አደጋው ባይደርስ ኖሮ የነበረው ሕመም ወዴት ያመራ ነበር። አራተኛው ከባዱ ነው። የወገብ አጥንቱ በዕድሜ የሳሳ፣ ግን ሕመም ተሰምቶት የማያውቅ ሰው ከአደጋው በኋላ መቀመጥ ካልቻለ፣ በፎቶው ላይ የሚታየው የዕድሜ ምልክት ብቻውን ሕመሙ የዕድሜ ነው አያሰኝም። ይህን ለይቶ መጻፍ የሐኪሙ ሙያ ነው፤ እርግጠኛ መሆን የማይቻል ከሆነም ይህንኑ መጻፍ የሙያው ክብር ነው።

ለተጎጂዎችና ለጠበቆቻቸው የምመክረው የቀድሞ ሕመምን እንዳይደብቁ ነው። መደበቅ የሚመጣው ከፍርሃት ነው፤ ብዙ ሰው «ከተናገርሁ ካሣዬን አጣለሁ» ይላል። በዚህ ገለጻ እንዳየነው ሕጉ ይህን አይልም። የተደበቀው ካርድ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲወጣ ግን ተጎጂው የሚያጣው የቅነሳውን ያህል ብቻ አይደለም፤ በሌላውም ቃሉ ላይ የነበረውን እምነት ያጣል። አስቀድሞ «አዎ፣ ወገቤን ያመኝ ነበር፤ ግን አርስ ነበር፤ ዛሬ አላርስም» ያለ ሰው የተከሳሽን መከራከሪያ ወስዶ የራሱ መለኪያ አደረገው። የራሱን ሕይወት ወይም ጤና መድን የሚገባ ሰው ለመድን ሰጪው ሕመሙን የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ይታወቃል፤ ያ ግን በውል የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው። በሌላ ሰው መኪና የተገጨ መንገደኛ ከመድን ሰጪው ጋር ውል የለውም፤ «ሕመምህን አላሳወቅኸንም» ሊባል አይችልም።

ዕርቅና ጊዜ

በመጨረሻ፣ ብዙው ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽምግልና የሚያልቅ በመሆኑ ስለ ዕርቅ ጥቂት ልበል። ሽምግልና የአገራችን ሀብት ነው፤ ቂምን ያበርዳል፣ ወጪን ያድናል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት፣ በስምምነት የተቋጨ ክርክር በተስማሚዎቹ መካከል እንደ ፍርድ ይጸናል። ቀድሞ የታመመ ሰው ጉዳት ደግሞ ቶሎ አይገለጥም፤ ዛሬ ቀላል የመሰለው ምት ከወራት በኋላ ሊከፋ ይችላል። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ፣ የቦርድ ማስረጃ ሳይገኝ፣ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብሎ መፈረም ያልታየን ጉዳት መሸጥ ነው። ሽማግሎች የሕክምናው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ የአስቸኳይ ሕክምናውንና የቀለቡን ወጪ አስከፍለው ዋናውን ካሣ ለኋላ ቢያቆዩ፣ ወይም በስምምነቱ ላይ «ኋላ የሚገለጥ ጉዳት ቢኖር» የሚል ቃል ቢያስገቡ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ይሆናል።

መጠበቅም ግን ወሰን አለው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የረዘመ እንደሆነ ረጅሙ ይሠራል። ሽምግልናው ይቀጥል እየተባለ ሁለቱ ዓመታት ማለፍ የለባቸውም።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው በሕግ መጻሕፍት ምሳሌዎች ውስጥ እንጂ በመንገዳችን ላይ ብዙ አይገኝም። በደጋውም በቆላውም የምንኖረው አሮጌ ስብራታችንን፣ የዳነውንና ያልዳነውን ሕመማችንን ይዘን ነው። ሕጉ የተጻፈው ለእኛው ነው። ዳኛው «ምን ጨመረበት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ ለይቶ ሲጽፍ፣ ጠበቃው ሳይደብቅ ሲያቀርብ፣ የቀድሞ ሕመም የክርክር መሰናክል መሆኑ ቀርቶ ለሁለቱም ወገን እውነተኛ ሚዛን ይሆናል።